ማርሹ ሲገባ ይሰማ

መኪና የለኝም። መንጃ ፈቃድም የለኝም። ባለፈው ሳምንት «ተራዬን ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ልጽፍበት ነው» ብዬ ስናገር አብረውኝ ከሚጽፉት ልጆች አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። ሌላው ደግሞ «ምን ታድርግ፣ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው እኮ ሙያው የማያውቀውን መጻፍ ነው» አለ። አልተቀየምኩም። ለነገሩ ከጥቂት ወራት በፊት እኔ ካምቢዮ ከሚባለው ነገር የማውቀው ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ስቀመጥ ጉልበቴን የሚገፋኝን ዘንግ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ካኮ ነው።

ካኮን ብዙዎቻችሁ እንደማታውቋት እገምታለሁ (አጎቴ እዚያ ባይኖር ኖሮ እኔም አላውቃትም ነበር)። ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጋችሁ፣ የወይጦን ሙቀት ተሻግራችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ነው የምትደርሱባት። ገበያዋ ሰኞ ነው። የዚያን ዕለት አሪዎች ቡናቸውንና ሸክላቸውን፣ በናዎች ማራቸውንና ፍየላቸውን ይዘው ይወርዱና ያቺ ዝምተኛ ከተማ መርካቶን ታስንቃለች። አካባቢው እስከ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ይባል ከነበረው ሥር ነበር፤ አሁን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። የክልሉ ስም ተቀየረ እንጂ ዳገቱ ያው ነው።

አጎቴ ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና ሾፌርነት ነው። ኤንትሬ ነድቷል፤ ከዚያም ሌላ ሌላውን። ጡረታ ሲወጣ ባጠራቀማት ገንዘብ አንድ ያረጀ ቶዮታ ሰርፍ ገዛ። ሰርፉ አውቶማቲክ ነው። «ሠላሳ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠ እግር ዕረፍት ያስፈልገዋል» ይላል ለምን አውቶማቲክ እንደመረጠ ሲጠየቅ። በካኮና በዙሪያዋ ግን መኪናውን ሰርፍ ብሎ የሚጠራው የለም። «አምቡላንሱ» ነው የሚሉት። እውነተኛው አምቡላንስ ሌላ ቦታ ሲሆን (አንድ መኪና በአንድ ሌሊት ሁለት ቦታ መሆን አይችልም) ምጥ የያዛት ሴት፣ እባብ የነደፈው እረኛ፣ ከዛፍ የወደቀ ማር ቆራጭ ቢኖር የሚንኳኳው የአጎቴ በር ነው። የነዳጅ ያለው ይከፍላል፣ የሌለው ይመርቃል።

ባለፈው ክረምት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ልንጠይቀው ሄድን። ወንድሜ የአውቶ መካኒክ ተማሪ ነው፤ ግማሽ ነፍሱ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ የስልኩ ስክሪን ላይ ባለች ቶዮታ ሱፕራ ውስጥ ነው የምትኖረው። አጎቴ ቀይ አፈር ድረስ መጥቶ ተቀበለን።

ውሃ የማይደፋ መኪና

ከቀይ አፈር ተነስተን ብዙም ሳንርቅ ወንድሜ ጆሮውን ማቆም ጀመረ። እኔ እንኳ የሰማሁት ነገር ነበር። ትንሽ ዳገት ላይ ማርሹ ሊቀየር ሲል ሞተሩ ለቅጽበት ይጮኻል፤ መኪናው ግን ከጩኸቱ ጋር አብሮ አይሄድም። ከዚያ እንቅልፍ እንደጫነው ሰው ቀስ ብሎ ይነቃና ይቀጥላል። ምንም መንገጫገጭ የለውም። እንዲያውም እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ማርሹ እየተንሸራተተ ነው» አለ ወንድሜ።

«ምኑ ነው የሚንሸራተተው? እንደ ቅቤ እኮ ነው የሚገባው!» አለ አጎቴ፤ የልጁ ነገር ከነከነው። ከዚያም መኪናውን የገዛበትን ቀን ተረከልን። ሻጩ ዳሽቦርዱ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጦ ነበር አሉ ያስነዳው። መኪናው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ማርሽ ሲሄድ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። አጎቴ የዚያን ዕለት ነው ልቡ የቀለጠው። ሠላሳ ዓመት ኤንትሬ ላይ ለተንገላታ ሰው ውሃ የማይደፋ መኪና ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ወንድሜ ዝም አለ። ዝም ያለው ግን ተስማምቶ አልነበረም።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። ቀኑን ገበያ ስንዞር ዋልን፤ በቅል የቀረበልንን ሾፎሮ (የቡና ገለባ ነው) ጠጣን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደክሞን ገባን። ሌሊት በሩ ተንኳኳ። በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ላይ ያለች ወጣት ነበረች። ከባሏ፣ ከእናቷና ከአንዲት የጤና ሠራተኛ ጋር ሆነን ተነሣን። እኔን አጎቴ «አንቺ ከኋላ ሆነሽ ጭንቅላቷን ደግፊ» አለኝ። የልጅቷ እናት የምትናገረው አሪኛ ነው፤ እኔ አንድም ቃል አልሰማም። እጇ እጄን ሲጨብጠው ግን የሚተረጎም ነገር አልነበረውም።

ጂንካ ሩቅ አይደለችም። በደህና መኪና አጭር መንገድ ናት። አንዱ ዳገት ላይ ስንደርስ ግን ሞተሩ ጮኸ፤ እንደ ቀኑ ለቅጽበት ብቻ አልነበረም፤ ጮኾ ቀረ። አጎቴ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ግን እዚያው ሊቆም ደርሷል። ከፊት የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አጎቴ ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩ በባዶው እየሠራ ካምቢዮው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ የዚያን ጊዜ ሰዓት ለማየት አልደፈርኩም። እናትየዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ባልየው ተረጎመው፦ «ደርሰናል ወይ? ትላለች።»

ከዚያ አጎቴ ዘንጉን «ኤል» ላይ አድርጎ በአንደኛ ማርሽ፣ በእርምጃ ፍጥነት አወጣው። ደረስን። ልጁም ተወለደ፤ ወንድ ነው፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንጠብቅ አጎቴ ከመኪናው ርቆ ግንብ ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ አጠገቡ ሄዶ ምንም አላለውም። «ነግሬህ ነበር» የምትለዋን ነገር አለማለቱ ከወንድሜ ያየሁት ትልቁ ጨዋነት ነው።

ሶፍት ላይ የወደቀው ጠብታ

ሲነጋ ጂንካ ውስጥ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ገና ቦኔቱን ከፍቶ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ እንዳወጣ አሸተተውና ፊቱን አጨፈገገ። ከኪሱ ሶፍት አወጣና አንድ ጠብታ ጣለበት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋልኝ (የምጽፍ ሰው መሆኔን ወንድሜ ነግሮት ነበር)።

«እህቴ፣ ይኼ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቡኒ።»

«አየሽ፣ ቀይ መሆን ነበረበት።»

እንግዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። እንደገባኝ ነው የምነግራችሁ፤ የገባኝም ተደጋግሞ ስለተነገረኝ ነው።

በማንዋል መኪና ማርሽ ስትቀይሩ ሞተሩን ከጎማው የምታላቅቁትና መልሳችሁ የምታገናኙት በግራ እግራችሁ ነው፤ ፍሪሲዮን በመርገጥ። አውቶማቲክ ውስጥ ያንን የግራ እግር ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። ካምቢዮው ውስጥ ተደራርበው የተቀመጡ ቀጫጭን የፍሪሲዮን ሸራዎች አሉ። ፓምፕ ዘይቱን በግፊት ይልካል፤ «ቫልቭ ቦዲ» የሚባለው፣ ውስጡ የጉንዳን ቤት የሚመስል ብረት ደግሞ ዘይቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ይወስናል። ሁለተኛው ማርሽ ሊገባ ሲል ዘይቱ የሁለተኛውን ሸራዎች ጨምቆ ያጣብቃል። ሦስተኛው ሲገባ የሦስተኛውን።

አሁን ዋናው ነገር። ሸራዎቹ ከመጣበቃቸው በፊት ለትንሽ ጊዜ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። መንሸራተቱ የግድ ነው፤ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ የማርሽ ለውጥ በመዶሻ የተመታን ያህል ያስደነግጠን ነበር። ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተንሸራትተው ከያዙ ሁሉም ደህና ነው። የዘይቱ ግፊት ካነሰ ግን መንሸራተቱ ይረዝማል። መንሸራተት ሲረዝም ለተሳፋሪው ምቾት ነው፤ ለሸራው ግን እሳት። መዳፋችሁን ከመዳፋችሁ ጋር አጥብቃችሁ አሹትና ሞክሩት። ሙቀቱ ዘይቱን ያበስለዋል፣ የበሰለ ዘይት ደግሞ ሸራውን አይጠብቀውም፣ ያልተጠበቀ ሸራ የበለጠ ይንሸራተታል። ጤነኛ ካምቢዮ ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ይሠራል፤ ከ120 ካለፈ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣና የሚንሸራተት ካምቢዮ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም።

በሌላ አነጋገር፣ አጎቴ የወደዳት ያቺ የቅቤ ልስላሴ መኪናው እየተቃጠለ መሆኑን የሚናገርበት ቋንቋ ነበረች።

ሱፕራና ሰርፍ

ወንድሜ ይህን ጊዜ ነው የፈነዳው። «ማጠንከር ነው! እንደ ሱፕራ!»

አትሳቁ፤ ልጁ የሚለውን ያውቃል። ከ1993 እስከ 2002 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተመረተችው አራተኛዋ ሱፕራ፣ የዓለም ጎረምሳ ሁሉ ግድግዳው ላይ የሚለጥፋት፣ አውቶማቲኳ ውስጥ ያለው ካምቢዮ «ኤ340» የሚባለው ቤተሰብ ነው። የዚሁ ቤተሰብ ባለ አራት ጎማ ዘመዶች ደግሞ ፎር ራነርና ሰርፍ ውስጥ ገብተዋል። ማለትም የካኮው አምቡላንስና የወንድሜ ሕልም ሆድ ዕቃቸው የአንድ አያት ልጅ ነው። ወንድሜ ይህን ሲያውቅ ሰርፉን የሚያይበት ዓይኑ ተለወጠ።

ካምቢዮ ማጠንከር የቆየ ጥበብ ነው። ጄነራል ሞተርስ በ1939 «ሃይድራማቲክ»ን ለኦልድስሞቢል መኪናዎች ሲያወጣ፣ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ እሱ ነበር፤ የሚሸጠውም «ፍሪሲዮን መርገጥ ቀረ» ተብሎ ነው። አሥር ዓመት ከምናምን እንኳ ሳይቆይ የአሜሪካ የቀጥታ መስመር እሽቅድምድም ልጆች ያንኑ የምቾት ካምቢዮ እየፈቱ ያጠነክሩት ጀመር። በኋላም ካሊፎርኒያ ውስጥ ጊል ያንገር የሚባል ሰው «ትራንስጎ» በተባለው ድርጅቱ በኩል «ሺፍት ኪት» የሚል ስም ያለው የዕቃ ስብስብ መሸጥ ጀመረ። ውስጡ ተአምር የለም፦ ጠንከር ያሉ ሞላዎች፣ ትንንሽ ኳሶች፣ ዘይት የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በትንሹ የሚያሰፋ አሠራር። ዘይቱ ቶሎ ይደርሳል፣ በጉልበት ይጨምቃል፣ ማርሹ «ጠቅ» ብሎ ይገባል። ሌላም አለ። «አኩሙሌተር» የሚባል፣ ሞላ የተደገፈ ፒስተን ካምቢዮው ውስጥ ተቀምጧል። ሥራው እንደ ትራስ ነው፤ ዘይቱ ሸራውን በአንዴ እንዳይደቁሰው ግፊቱን ይውጥለታል። ማርሽ ማጠንከር የሚፈልግ ሰው ያንን ትራስ ያሳጥረዋል ወይም ሞላውን ይቀይረዋል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወራው። መካኒኩ እየሳቀ ሰማው። ያልሳቀው አጎቴ ነው።

«ስማኝ ልጄ» አለ። «አንተ የምትለው መኪና የሚጭነው ጎረምሳ ነው። ጠቅ ሲልለት ደስ ይለዋል። እኔ የምጭነው ወላድ ነው። ትናንት እህትህ ጉልበት ላይ የነበረው ጭንቅላት የማን ነበር? በየማርሹ ጠቅ እያለ ልናጋትልህ?»

ጋራዡ ዝም አለ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ወንድሜም አልነበረውም። ሁለቱም ትክክል ነበሩ እኮ! ማርሹ ካልጠነከረ መኪናው ዳገት ላይ ይቀራል፤ ከጠነከረ ደግሞ መኪናው ያለበት ምክንያት የሆነችውን ሴት ይመታል።

የላላው ኬብል

መካኒኩ ነው ያስታረቃቸው። «አባቴ፣ ማጠንከርና ወደ ቦታው መመለስ ይለያያሉ» አለ። «መጀመሪያ ፋብሪካ ያስቀመጠው ቦታ ላይ መሆኑን እንይ።»

ከሞተሩ በኩል ወደ ካምቢዮው የሚወርድ አንድ ቀጭን ኬብል አለ። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ አብሮ ይሳባል። በዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ ማርሹ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ዘይቱ በምን ያህል ጉልበት እንደሚጨምቅ ለካምቢዮው የሚነግረው ግን ይህ ኬብል ነው። ብዙ ከረገጣችሁ «ጭነት አለ፣ አጥብቀህ ያዝ» ይለዋል። መካኒኩ ወንድሜን ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው እንዲረግጥ አዘዘውና ኬብሉ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ምልክት አሳየን። እስከ ጥግ ሲረገጥ በምልክቷና በኬብሉ መያዣ ጫፍ መካከል መኖር የሚገባው ክፍተት ከዜሮ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ ጣት ያስገባ ነበር።

ኬብሉ በራሱ አልላላም። ሁለቱ ማሰሪያ ብሎኖች ላይ የመፍቻ ጭረት ነበረባቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ሆን ብሎ አላልቶታል። ማን እንደሆነ አናውቅም። ለምን እንደሆነ ግን ሦስቱም ወንዶች ሳይነጋገሩ ገባቸው። አጎቴ ቀስ ብሎ «ብርጭቆው» አለ።

አዎ፣ ብርጭቆው። መኪናውን ለመሸጥ ያህል ብቻ ለስላሳ አድርገውት ነበር። ለካምቢዮው «ጭነት የለም፣ ዘና በል» እያሉ ዋሽተውት፣ እሱም ለዓመታት አምኗቸው ምጥ የያዛትን ሴት፣ ባሏን፣ እናቷን ጭኖ ዳገት ሲወጣ ባዶ የሆነ መስሎት ዘና ብሎ ነበር የሚይዘው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ካላልኩ ውሸታም እሆናለሁ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በሠራሁበት አንድ ቦታ የመጀመሪያ ትምህርቴ «አለስልሺው» ነበር። «ውሃ ጠፋ» አይባልም፣ «የአቅርቦት መቆራረጥ» ይባላል። «ሰው ተፈናቀለ» አይባልም፣ «ለልማት ተነሺ» ነው። ጎበዝ ነበርኩ። አንባቢው ዓረፍተ ነገሮቼ ላይ ሳይነቃነቅ ያልፋል፤ ብርጭቆ ብታስቀምጡበት አይደፋም። ጂንካ ውስጥ ያንን የላላ ኬብል ሳይ የራሴን ጽሑፎች አስታወስኩ። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የተሠራውና ያልተሠራው

መካኒኩ የሠራውን ልንገራችሁ፣ አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የታችኛውን ሳህን ፈታ። ሳህኑ ውስጥ የብረት ብናኝ እንዲይዙ የተቀመጡ ማግኔቶች አሉ። ጥቁር ጭቃ የመሰለ ልስልስ ብናኝ ነበራቸው። «ይኼ መልካም ዜና ነው» አለ፤ «ስብርባሪ ብረት ቢሆን ኖሮ ወደ ቤታችሁ እሸኛችሁ ነበር።» ማጣሪያውን አጠበው፣ ጋርኒሲዮኑን ቀየረ። ዘይቱን በአንዴ ማውጣት አይቻልም፤ ከፊሉ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ሞልቶ፣ ትንሽ አስነድቶ፣ እንደገና አፍስሶ፣ እንደገና ሞላ። ሦስት ጊዜ። ለዚህ ካምቢዮ የታዘዘውን የዘይት ዓይነት እንጂ ያገኘውን አልጨመረበትም። ሲለካም መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘንጉን በሁሉም ማርሽ አሳልፎ ወደ «ፒ» ከመለሰ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ መኪና ላይ የተለካ የካምቢዮ ዘይት ውሸታም ነው ብሎኛል።

ከዚያ ኬብሉን አጠበቀ። ወንድሜ «ትንሽ ጨምርበት» እያለ ሲወተውተው እምቢ አለ። ከልኩ በላይ ከተሳበ ግፊቱ ያለ ልክ ይወጣል፤ ማርሹ እንደ ሱፕራ ሳይሆን እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ጣጣውም ወደ ክሮቼራው፣ ወደ ካምቢዮ መያዣ ጎማዎቹና ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ይሄዳል። የውድድር መኪና ያንን እንዲችል ሆኖ ይሠራል፣ ደግሞም በየጊዜው ይፈታል። የካኮ መኪና በየጊዜው የሚፈታው የለውም።

አኩሙሌተሩን አልነካውም። «ትራሱ ለወላዷ ይሁን» አለ። ይህን ሲል ወንድሜ እጅ ሰጠ።

በመጨረሻም አጎቴን ሁለት ነገር መከረው። ዳገት ከመጀመሩ በፊት ዘንጉ ላይ ያለችውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ እንዲያጠፋ፤ እንዲያ ሲሆን ካምቢዮው በሦስተኛና በአራተኛ መካከል እየዋለለ አይሞቅም። ሁለተኛው ደግሞ ማርሹ ሊቀየር ሲል እግሩን ከነዳጅ መስጫው በትንሹ እንዲያነሣ። ዘመናዊ መኪናዎች ይህንኑ በኮምፒዩተር ነው የሚሠሩት፤ ማርሹ በሚገባበት ቅጽበት የሞተሩን ጉልበት ለአፍታ ይቀንሱና ማርሹ ጠንክሮ ገብቶም ተሳፋሪው እንዳይመታ ያደርጋሉ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ኤንትሬ ላይ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እኮ ነው!» አለ። እግሩ ያንን አልረሳም ነበር፤ አውቶማቲክ ነው ብሎ አሳርፎት ነው እንጂ።

መካኒኩ ግን ሳይዋሽ ነው የሸኘን። «አባቴ፣ ጊዜ ገዛሁልዎ እንጂ አላደስኩትም። የተቃጠለ ሸራ በዘይት አይድንም። ገንዘብ አጠራቅሙ፤ አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም።» አጎቴ አመሰገነው። ለዚህኛው ምስጋና ድምፁ ከሻጩ ታሪክ ላይ ከነበረው የተለየ ነበር።

አይዟችሁ፣ ማርሽ ነው

ወደ ካኮ ስንመለስ ወንድሜ ዳሽቦርዱ ላይ በላስቲክ ኩባያ ውሃ አስቀመጠ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ መኪናው ነቅነቅ አለ፤ ውሃው ጠርዙን አልፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አጎቴ አየው። ከዚያ ያ ዳገት መጣ፣ ሌሊት የቆምንበት። እግሩን በትንሹ አነሣ፣ ማርሹ ሲገባ ተሰማን፣ ሞተሩ አልጮኸም፣ ወጣነው። ማንም ምንም አላለም። አጎቴ ኩባያውን አንሥቶ የተረፈውን ውሃ ጠጣው።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ወንድሜን «ለመሆኑ የአንተ ጥበብ ወዴት ነው?» አልኩት። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አብዛኛው ባለ አንድ ማርሽ ነው፤ የሚቀየር ነገር የለውም፣ የሚጠነክርም የሚለሰልስም የለውም። ወንድሜ ትከሻውን ነቅንቆ «እስከዚያ ድረስ ስንት ሺህ ያረጀ ካምቢዮ አለ መሰለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ካኮ ላይ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ሰው የሚጠብቀው የሚቀጥለውን ዘመን መኪና አይደለም፣ ያለውን ነው።

ባለፈው እሑድ አጎቴ ደወለ። በቀደም ሌሊት ሌላ ወላድ ጂንካ አድርሷል፤ ሴት ልጅ ናት። መኪናው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ትነቀንቃለች» አለኝ። «አሁን ግን ከዳገቱ በፊት እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«አይዟችሁ፣ ማርሽ ነው እላቸዋለሁ። ጭንቅላቷን ደገፍ አድርጓት እላቸዋለሁ። ከዚያ እንወጣለን።»